አሸዋውን እንዳትነኪ

«ወርቅ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሰው ለአሸዋ ብሎ የሰው እጅ ይጠመዝዛል?»

እንዲህ ያለችው ማዘንጊያ ናት። ያለችውም በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ፣ ለጎረቤቷ ለሀሊሞ፣ በጆሮዋ ነው። የማዘንጊያ ሹክሹክታ ግን የባቡር ፊሽካ ነው፤ ሰፈር ያዳርሳል። ከኋላቸው የቆመችው ፋዱማ ደግሞ ጆሮዋን ቤቷ ትታ የምትወጣ ሴት አይደለችም። «ለሊቀመንበሩ ለጓድ በቀለ ነግሬዋለሁ» ስትል ሰማች። «ዛሬ ከምሳ በኋላ መጥቶ ያስቆፍረዋል» ስትልም ሰማች። ከዚያ ስኳሩንም ሰልፉንም ጥላ፣ ድሪያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በዚያ አናት በሚበሳ ፀሐይ ወደ ሰርካዲስ ቤት ገሰገሰች።

«ሰርኬ! አቦ ሰርኬ ክፈቺ! ጉድሽ ፈላ!»

ሰርካዲስ እንደ ልማዷ ልጇ ትቶላት የሄደው የመስታወት ሳጥን ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳጥኑ የሣሎኑን ግማሽ ይዟል። ውስጡ ውሃ ነው፤ ውሃው ከጅቡቲ ባሕር በባቡር የመጣ ጨው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ዓሣዎች አሉ፣ ድንጋይ መስለው ነፍስ ያላቸው ነገሮች አሉ፣ ሲነኳቸው የሚጨበጡ አበባ መሳዮች አሉ። ከሁሉ በታች ደግሞ አሸዋ፤ ክንድ ሊያህል ትንሽ የቀረው ወፍራም አሸዋ። ነገር ያመጣው ይኸው አሸዋ ነው።

ሰርካዲስ የባቡር ሰው ሚስት ነበረች። ባሏ ሲሞት ከአንድ ልጇ ከዘገዬ ጋር ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ቀረች። ዘገዬም እንደ አባቱ ባቡር ገባ፤ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል። የሰው ልጅ ከጅቡቲ ሲመጣ ሽቶ ያመጣል፣ ሬዲዮ ያመጣል፣ ሸሚዝ በሸሚዝ ላይ ደራርቦ ይመጣል። ዘገዬ በጀሪካን ውሃ፣ በጆንያ እርጥብ አሸዋ ይዞ ይመጣ ነበር። ይህን ያስለመደው አብሮት የሚሠራ አንድ ፈረንሳዊ ነው፤ ሙሴው አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ለዘገዬ ሰጥቶት ሄደ። ጉምሩኮቹ መጀመሪያ ጆንያውን ወግተው ወግተው አዩት። ኋላ ሰለቻቸው። «ያ እብዱ መጣ» እያሉ ያሳልፉት ጀመር።

እንግዲህ ሰርካዲስ ማለት ከሰል አጥባ ካላነደደች የማይሆንላት ሴት ናት። ያንን አሸዋ ስታይ እጇን ይበላታል። አንድ ቀን አላስችል ብሏት ጠየቀችው።

«ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምታጥበው?»

«አይታጠብም እማዬ።»

«ምን ማለት ነው አይታጠብም? ሰገራቸውን እዚያው ላይ እየጣሉ!»

«ላዩ ላይ ያሉት ትሎች ይበሉታል። ከትሎቹ የተረፈውን ደግሞ ከስር ያለው ይጨርሰዋል። እዚያ ታች አየር አይደርስም፤ የሚኖረውም በዓይን የማይታይ ነገር ነው። አሸዋው የወፈረው ለሱ ነው። ሥራውን የሚሠራው ዝም ሲሉት ነው። ካማሰልሽው የታመቀው መርዝ ወጥቶ ሁሉንም ይፈጃቸዋል።»

«ትል የቤት ሠራተኛ ሆነና!» ብላ ትታው ሄደች።

ግን እያየች ለመደችው። በመስታወቱ ጎን ሲታይ አሸዋው ላዩ ነጭ፣ መሐሉ ዳለቻ፣ ታቹ ጥቁር ነው። ትሎቹ ክር የመሰለ መንገድ ሠርተውበታል። አንዳንዴ ከታች አንዲት የአየር ፍሬ ትነሳና ቀስ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ያወጡ የነበሩት እነ ሰርካዲስና እነ ፋዱማ፣ አሸዋ ውሃ እንደሚያጠራ ያውቃሉ፤ አሸዋ ልጅ እንደሚያሳድግ ግን ሰርካዲስ እዚህ ነው ያየችው። ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ተወለዱበት።

ከዓሣዎቹ ሁሉ ዘገዬ የሚወደው አንድ ብርቱካናማ ነበር፤ በነጭ መስመር ተከፋፍሏል። «ማዕረጉን ለብሶ የተወለደ ነው» ብሎ ሻምበል አለው። ሻምበል ከአበባ መሳዩ ነገር ሥር አይጠፋም።

ኋላ የውትድርናው ምልመላ መጣ። ዘገዬን ወሰዱት። ጣቢያው በእናቶች ልቅሶ ተሞልቶ፣ እሱ ከፉርጎው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ለእናቱ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ አሸዋውን እንዳትነኪ!»

ሰርካዲስ በዚያ ቀን ተናደደች። እናት ናትና፣ ሌላ ነገር ነበር የጠበቀችው። ከዚያ ዘገዬ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። የነ እንትና ልጅ አብሮት ነበር ይባላል፤ ሄዳ ትጠይቃለች፤ አልነበረም። ቀስ በቀስ ያቺ የመጨረሻ ቃሉ ብቻ በእጇ ቀረች። የዘገዬ ጓደኛ ኢስማዒል ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር የባሕር ውሃ በጀሪካን ያመጣላታል። የጎደለውን በዝናብ ውሃ ትሞላለች፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ነውና አይሆንም ብሏት ነበር ዘገዬ። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል፤ ያኔ በኩባያ እየቀዳች ከላይ እያንቆረቆረች ውሃውን ታናፍሰዋለች። ለፋዱማ ብቻ አንድ ቀን እንዲህ አለቻት፦

«ሻምበል ደህና ከሆነ ልጄ ደህና ነው። እንደሱ ነው የሚሰማኝ። እብድ በይኝ።»

ፋዱማ ግን እብድ አላለቻትም። ኩባያውን ተቀብላት አንቆረቆረች።

ወደ ማዘንጊያ ልመለስ። ማዘንጊያ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት፤ ክፉ ሴት አትባልም፣ ሰው ጓዳ ያላየችው ነገር ካለ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። በዚያ ሰሞን ለማኅበሩ መዋጮ ልትጠይቅ ትመጣለች። ሳጥኑን ታያለች። ጥቁሩን አሸዋ ታያለች። «ውይ! አንቺ ንጹሕ ሴት፣ ይሄን ምን ነካሽ? ላጥብልሽ» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ልትከት ስትል፣ ሰርካዲስ ከጓዳ እንደ ነብር ዘላ ክንዷን ያዘች። ያዘች ብቻ? ጠመዘዘቻት።

«አሸዋውን እንዳትነኪ!»

ማዘንጊያ ክንዷን እያሻሸች ወጣች። መንገዱን ሙሉ አሰበች። እዚህ ድሬ ደግሞ ሰው «እንዳትነኪ» ያለው ነገር ሥር ምን እንደሚኖር ሕፃንም ያውቃል። ፊናንስ፣ የኮንትሮባንድ ፈታሹ፣ ሲመጣ ጨርቅ ከከሰል ጆንያ ሥር ይገባል፣ ሰዓት ከዱቄት እንስራ ሥር ይገባል፣ ያልተቀበረ ነገር የለም። ልጁ ጅቡቲ የሚመላለስ፤ አሸዋው በጆንያ የመጣ፤ እናትየው አላስነካ ያለች። ማዘንጊያ ቤቷ ሳትደርስ ወርቁን አግኝታ ጨርሳ ነበር።

እና ፋዱማ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስትነግራት ሰርካዲስ መጀመሪያ ሳቀች።

«ይምጡ! ትል ነው የሚያገኙት። ለጓድ በቀለ በሰሐን አቀርብለታለሁ።»

«አቦ አትሳቂ። አካፋ ይዘው ነው የሚመጡት።»

ሳቁ ቀረ። ፋዱማ በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። የፋዱማ ሥራ ኮንትሮባንድ ነው፤ ስንቱን ፊናንስ አታላ ያለፈች ሴት ናት። አሸዋውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ባታወጣው ይሻል የነበረውን ቃል አወጣች።

«ሰርኬ… ዘገዬ እዚያ ውስጥ ምንም እንዳልቀበረ እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን?»

«እኔ ብሆን እዚያ ነበር የምቀብረው፤ ወላሂ። ማንም አይነካውማ።»

ወሬ ሲባል እንዲህ ነው፤ ሰው ቤት ሲወራ ያስቃል፣ የራስ ደረት ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ዘገዬ አሸዋውን ሲያነጥፍ በሩን ዘግቶ ነበር። ለምን ዘጋ? አቧራ እንዳይገባ ብሎ ነበር። አሁን ግን ለምን ዘጋ? ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ልጅ እናቱን «ጸልዪልኝ» አይልም? ስለ አሸዋ ያወራል? በዚያ በቀይ ሽብሩ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ከዱቄት ሥር ወረቀት ተገኘበት ተብሎ ሄዶ የቀረውን አስታወሰች። ዘገዬ ያኔ ልጅ ነበር። አብሮት ይውል ነበር።

«ወርቅ ቢሆን ግድ የለኝም» አለች ቀስ ብላ። «ወረቀት ቢሆንስ? ሽጉጥ ቢሆንስ? እዚያ ያለበት ድረስ ይደውሉና…»

ዓይኗ ወደ ሳጥኑ ዞረ።

«ከነካሁት ዓሣዎቹ ይሞታሉ» አለች ሰርካዲስ። «ካልነካሁት እሱ…»

«ተዪው ሰርኬ። የለም ነው የምልሽ። አፌን ይቁረጠውና ባልናገርኩ።»

«ከተናገርሽ በኋላ ነው?»

ከተማው ምሳውን በልቶ ከሙቀት የሚደበቅበት ሰዓት ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል። ሰርካዲስ በሩን ዘጋች። ልክ እንደ ልጇ። ከዚያ ማንኪያ አነሳች።

«በአንድ ጥግ ብቻ» አለች ፋዱማ፣ «እንደ ደቻቱ ውሃ፤ ላዩን ሳትረብሺ፣ ቀስ ብለሽ።»

ሰርካዲስም በጥጉ ጀመረች። በማንኪያ ነጩን ገለጥ አደረገች። ዳለቻውን ገለጥ አደረገች። ትሎቹ ቀይ ክር መስለው እየተሸማቀቁ ገቡ። አሸዋው ግን ደቻቱ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ያለ አሸዋ ጉድጓድ አይይዝም። የቆፈረችው ይናዳል። ደግማ ትቆፍራለች፤ ይናዳል። እዚህ ጥግ የለም። ታዲያ በዚያኛው ጥግ ቢሆንስ? ማንኪያው ከመስታወቱ ጋር ቂው ሲል ብረት መሰላት። ያኔ ማንኪያውን ጣለችና እጇን አስገባች፤ አንዱን፣ ከዚያ ሁለቱንም፣ እስከ ክርኗ። እንደ ቡሆ አቦካችው።

«ሰርኬ! ኸለስ! በቃ!» ፋዱማ ወገቧን ይዛ ትጎትታታለች።

ሽታው መጣ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፤ እንቁላል ብቻ ሳይሆን ዶሮዋም አብራ የበሰበሰች። ጥቁሩ ደለል ከሥር ተነስቶ እንደ ጭስ በውሃው ውስጥ ተጥመለመለ። ሰርካዲስ ያንን ሁሉ አልፋ ወለሉ ድረስ ደረሰች፤ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ዳበሰችው።

መስታወት። ባዶ መስታወት። ልጇ ያላት ነገር እውነት ነበር። ከአሸዋው ሥር ያለው ከአሸዋው ሥር የሚኖረው ብቻ ነበር።

«ምንም የለም» አለች። ፊቷ ላይ አንዲት ደቂቃ ደስታ ነገር ታየ። ወዲያው ቀና ስትል ሰማያዊ ዓሣዎች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ አየች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ፋዱማ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ጎተተች። ኢስማዒል ያመጣው የመጨረሻ ጀሪካን ነበር፤ ሳፋው ውስጥ ገለበጡት። ሰርካዲስ በወንፊት ዓሣ ታሳድዳለች፤ ውሃው ጨለማ ሆኗል፣ አይታይም። አንዱን ስታወጣው ሞቶ ነው። ሌላውን ስታወጣው ሞቶ ነው። አበባ መሳዩ ነገር ተጨብጦ ቡጢ አክሏል። ከሥሩ በእጇ ስትዳብስ የሆነ ለስላሳ ነገር ተንፈራገጠ።

ሻምበል ነው። ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው። በጎኑ ተጋደመ። ጉንጩ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰርካዲስ መሬት ላይ ተንበርክካ በኩባያ እየቀዳች ከላይ ታንቆረቁርለት ጀመር።

በሩ የተደበደበው ያኔ ነው።

ጓድ በቀለ ገባ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ካኪውን ለብሶ። ከኋላው አካፋ የያዘው አብዮት ጠባቂ ዋርፋ ገባ። ከዋርፋ ኋላ ማዘንጊያ፣ ከማዘንጊያ ኋላ ሀሊሞ፣ ከሀሊሞ ኋላ ሰፈሩ። የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ አፍንጫውን ይይዛል።

ጓድ በቀለ ሳጥኑን አየ። የተገለባበጠውን አሸዋ አየ። እስከ ክርኗ የጠቆረውን የሰርካዲስን ክንድ አየ።

«ተቆፍሯል!» አለ፤ ደስታው አላስችል አለው። «ቀድማናለች! ጓዲት ሰርካዲስ፣ ምንድነው ያወጣሽው?»

«ምንም።»

«ለምንም ነገር ሰው እስከ ክርኑ ይጠልቃል?»

«አልነበረም። ምንም አልነበረም።»

«እንደሌለ ካወቅሽ ለምን ቆፈርሽ?»

ለዚህ ምን ይመለሳል? የገዛ ልጄን ተጠራጠርኩት ብላ ለቀበሌ ትንገር? ኩባያዋን ሞልታ አንቆረቆረች። ዋርፋ ፍራሹን ገለበጠ። ቁም ሣጥኑን በረበረ። የዘገዬን ሸሚዞች ኪስ በኪስ ፈተሸ፤ እዚህ ላይ ብቻ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ሳፋው ተመለሰች። ዋርፋ ምንም ሲያጣ ወደ ጓድ በቀለ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ።

«ካልተገኘ ለሰው አሳልፋለች ማለት ነው» አለ ጓድ በቀለ፤ ዓይኑን ወደ ፋዱማ ወረወረ። «እዚህ ቤት ደግሞ ይህን ሥራ የሚችል ሰው አለ። ሁለታችሁም ቀበሌ ድረስ ትሄዳላችሁ።»

ከደጅ ጉርምርምታው ተነሳ። «እኔስ ብዬ ነበር» አለ አንዱ። «ልጁ ጅቡቲ ሲመላለስ እንዲሁ ነው እንዴ?» አለ ሌላው። ሀሊሞ «አላህ ይሸፍነን» አለች፤ ግን አንገቷን አስግጋ ነው። ማዘንጊያ ያን ጊዜ ወደ ፊት መጣች። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ አዛኝ ሆና፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፦

«ሰርካዲስዬ፣ እኔ ለአንቺው ብዬ ነው። ያወጣሽውን ስጫቸውና ይቅርብሽ። ምንድነው ያወጣሽው? ለኔ ንገሪኝ፣ ለኔ።»

ሰርካዲስ አልሰማቻትም። ኩባያዋን አቁማ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላለች። የሻምበል ጉንጭ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቆየ፤ ከዚያ ተከፈተ። ከዚያ እንደገና መዘጋቱን ትጠብቃለች።

ፋዱማ ከመሬት ተነሳች። ድሪያዋ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል። ወደ ጓድ በቀለ አላየችም፤ ወደ ዋርፋ አካፋም አላየችም። ቀጥ ብላ ማዘንጊያ ፊት ቆመች፤ ድምፅዋ ግን ደጅ ላሉት ሁሉ ነበር።

«ምን እንዳወጣች ልንገራችሁ? እናንተ በአፋችሁ የቀበራችሁትን ነው ያወጣችው! ይኸው፣ ይሸታል። የኔ ነው የሚል አፍንጫውን ይልቀቅና ይውሰድ!»

ከደጅም ከውስጥም አፍንጫውን የለቀቀ አልነበረም።